የእንግሊዝኛ ቃል ከነሰፈሩ፦ የቃላት ክምችትን ከፍ ማድረጊያ ዝርዝር መመሪያ

ከዓመታት በፊት ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከውጭ ትልቅ ፕሮፌሰር ይመጣሉ ተባለና የእንኳን ደህና መጡ ንግግሩን በእንግሊዝኛ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ኪሴ ውስጥ ከሰው ሰው ሲገለበጥ የመጣ የቃላት ዝርዝር ነበረኝ። ፎቶኮፒው ደብዝዟል። «ኖቶሪየስ — ታዋቂ» ይላል። «ፌመስ»ማ ማን የማያውቀው አለ፣ ከፍ ያለ ቃል ላስገባ ብዬ «አወር ኖቶሪየስ ጌስት» ብዬ ጻፍኩ። ንግግሩ ሲነበብ ፕሮፌሰሩ ቀና ብለው አዩን። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ነገሩ የገባኝ ማታ መዝገበ ቃላት ስገልጥ ነው። «ኖቶሪየስ» ታዋቂ ነው፤ ግን በክፉ የታወቀ። ሽፍታ፣ አጭበርባሪ፣ አደጋ የሚበዛበት መንገድ ነው እንደዚያ የሚባለው። ዝርዝሩ ቃሉን ሰጠኝ። ቃሉ ከእነማን ጋር እንደሚውል ግን አልነገረኝም።

ይህ መመሪያ መካከለኛ እንግሊዝኛ ላላችሁ ነው። ታነባላችሁ፣ ትግባባላችሁ፤ ግን ሁሌም እነዚያው «ጉድ»፣ «ባድ»፣ «ቬሪ» እና «ኢምፖርታንት» ናቸው አፋችሁ ላይ የሚመጡት። ቃላቱን እዚህ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ስፔሊንጋቸውን መዝገበ ቃላት ውስጥ መፈለግ የእናንተ የመጀመሪያ የቤት ሥራ ይሁን።

1. መጀመሪያ የቆማችሁበትን እወቁ

አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ክፈቱ። ዜና ይሁን፣ የትምህርት መጽሐፍ ይሁን። 300 ቃል ያህል ቁጠሩና የማታውቁትን ሁሉ አስምሩበት። ከስድስት የማይበልጥ ከሆነ ጽሑፉ በልካችሁ ነው። ከ50 ቃል አንዱን ብቻ ነው የማታውቁት ማለት ነው፤ አንዱን ከዙሪያው መገመት ይቻላል። 20 ወይም 30 ካሰመራችሁ ግን ቀለል ወዳለ ጽሑፍ ውረዱ። ማፈር የለም።

ለምን 50? የኒውዚላንዱ የቋንቋ ምሁር ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት ጋዜጣና ልብ ወለድ ያለ እገዛ ለማንበብ ከገጹ ቃላት 98 በመቶውን ማወቅ ያስፈልጋል ከሚል ተነሥቶ አሰላ። ለዚያ ከ8000 እስከ 9000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል። የቃል ቤተሰብ ማለት ዋናው ቃል ከነልጆቹ ነው፤ «ዲሳይድ» እና «ዲሳይድድ» እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ። ሁሉም ቃል እኩል አይሠራም። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ዝርዝር ውስጥ ያሉት ወደ 2000 የሚጠጉ ቃላት የማንኛውንም ጽሑፍ አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናሉ። እነዚህን አብዛኞቻችሁ ከትምህርት ቤት ይዛችኋል። ቀጥሎ ያለው ነው ወርቁ። አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ3.5 ሚሊዮን ቃል የትምህርት ጽሑፎች ውስጥ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለቅማ አወጣች። እነዚህ 570ዎቹ ብቻ ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ። «አናላይዝ»፣ «አሴስ»፣ «አስዩም» የመሳሰሉት ናቸው። ዝርዝሩ በነፃ ይገኛል፤ እንደ ተደጋጋሚነታቸው በአሥር ንዑስ ዝርዝሮች ተከፍሏል። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ለምትማሩም ሆነ አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ለምትዘጋጁ ከዚህ የበለጠ የሚያዋጣ ገበያ አላውቅም።

2. ቃል አትሰብስቡ፣ ምረጡ

በቀን 20 ቃል እሸመድዳለሁ የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ራሴ ነበርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩ የት እንደገባ አላውቅም።

በሳምንት ስምንት ይበቃል። በዓመት ከ400 በላይ ይሆናል፤ ከእጅ የማይወጣ 400። ስምንቱን ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህን ቃል በዚህ ወር ውስጥ ልናገረው ወይም ልጽፈው የምችልበት ቦታ አለ? ከሌለ እለፉት። ጠቃሚ ከሆነ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ቃል በተለያየ ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ ካጋጠማችሁ ግን በር እያንኳኳ ነውና ክፈቱለት።

ዙሪያችሁን ማየትም ጥሩ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲያስጠጉ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ተመልከቱ። ዓሣው ሲበለት ራስና አንጀቱ እስኪጣል ድረስ እንደ ሽማግሌ ቆመው ይጠብቃሉ። ትርፍራፊ ለቃቅሞ መብላት «ስካቬንጅ» ነው። መሄድ ሲገባ ሳይሄዱ ማንዣበብ ደግሞ «ሊንገር»። ሁለቱን ቃላት ከአባ ኮዳ ጋር አንድ ጊዜ ካያያዛችኋቸው አይረሱም።

3. አንድ ቃል እስከ አጥንቱ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ። «ሪላክተንት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ከእነዚያ 570ዎቹ አንዱ ነው፤ የመጨረሻው ንዑስ ዝርዝር ላይ «ሪላክተንስ» ተብሎ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ለተማሪ የተዘጋጀ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሆነ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። ሎንግማን፣ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አላቸው። ሎንግማን ትርጉሙን ሁሉ የሚሰጠው ወደ 2000 በሚጠጉ ቀላል ቃላት ስለሆነ ትርጉም ፍለጋ ገብታችሁ ሌላ ትርጉም ፍለጋ አትወጡም። እዚያ የምታገኙት፦ ማድረግ ስለማይፈልግ ቶሎ እሺ የማይል፣ ወደኋላ የሚል።

አሁን አማርኛውን ፈልጉ። አማርኛ አትጠቀሙ የሚሉ አስተማሪዎች አሉ፤ አልስማማም። አማርኛችን እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው እኩል ይመዝናል። ሰው እምቢ ካለ «አንዊሊንግ» ነው። እርግጠኛ ሳይሆን ቀርቶ ካመነታ «ሄዚተንት»። እያቅማማ፣ እያንገራገረ ከሆነ ግን እሱ «ሪላክተንት» ነው። ልዩነቱ ባጃጅ ውስጥ ይታያል። ማታ ወደ ታቦር ተራራ ውሰደኝ ስትሉት ባለባጃጁ «አይ፣ መንገዱኮ አይመችም...» እያለ አንገቱን ያካል። እምቢ አላለም፤ መንገዱንም ያውቀዋል። ትንሽ ሲጨመርለት ይሄዳል። «ሂ ሪላክተንትሊ አግሪድ» ማለት ይኼ ነው። እያቅማማ ተስማማ።

ቀጥሎ ከኋላው ማን እንደሚከተለው እዩ። «ሪላክተንት ቱ» ብሎ ግሥ ይከተላል፦ «ሪላክተንት ቱ ስፒክ»፣ «ሪላክተንት ቱ ሊቭ»። ከፊቱ ብዙ ጊዜ «ቬሪ» ወይም፣ ትንሽ ለማለዘብ፣ «ሰምዋት» ይገባል። «ሪላክተንት ዊትነስ» ሲባል ደግሞ መመስከር ያልፈለገ ምስክር ነው።

ልጆቹንም ጻፉ፦ ስሙ «ሪላክተንስ»፣ ተውሳከ ግሡ «ሪላክተንትሊ»። መጨረሻ ላይ ድምፁን ስሙ። ሦስቱም መዝገበ ቃላት የድምፅ ማጉያ ምልክት አላቸው፤ ስትነኩት ይናገራል። ከበድ የሚለው መካከሉ ነው፣ «ላክ» ላይ።

ለጨዋታ ያህል፦ ቃሉ የመጣው መታገል ከሚል የላቲን ግሥ ነው። ያ ባለባጃጅ ውስጡ እየታገለ ነበር ማለት ነው።

ለአንድ ቃል ይህ ሁሉ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስምንት ቃል፣ ሁለት ሰዓት። በሳምንት ሁለት ሰዓት ከፌስቡክ ላይ ቀንሱ።

4. ጎረቤቶቹን ያዙ

እንጀራ ይጋገራል። ቡና ይፈላል። ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል። አንድ የውጭ ሰው «ትናንት ጠጅ ጋገርኩ» ቢላችሁ ሐሳቡ ይገባችኋል፤ ግን ትስቃላችሁ። ሰዋስው አልተሳሳተም። ጎረቤት ነው ያሳሳተው።

እኛም እንግሊዝኛ ስንናገር ይኸው ነን። ቡና ሲከብድ ወፍራም እንላለን፣ ሲቀል ቀጭን። «ቲክ ኮፊ» ወይም «ቲን ኮፊ» ብላችሁ ብታዙ እንግሊዛዊው ግራ ይገባዋል፤ እነሱ «ስትሮንግ» እና «ዊክ» ነው የሚሉት፤ ብርቱና ደካማ። ብዙ የሚያጨስ ሰው «ሄቪ ስሞከር» ነው፣ ኪሎው 50 እንኳ ባይሞላ። ቶሎ የሚደርስ ምግብ «ፋስት ፉድ»፤ ቶሎ ቀመስ የሚደረግ ማዕድ ግን «ኩዊክ ሚል»። ለምን ብላችሁ አትጠይቁ። ለምን ጠጅ ይጣላል?

ስለዚህ ቃልን ብቻውን አትጻፉ። «ዲሳፖይንትድ» ከማለት «ቢተርሊ ዲሳፖይንትድ» ብላችሁ ያዙ፤ ክፉኛ አዘነ እንደማለት። «ኮንሰርንድ» ከሆነ «ዲፕሊ ኮንሰርንድ»። «ላይክሊ» ከሆነ «ሃይሊ ላይክሊ»። እነዚህን ጥንዶች የተማሪ መዝገበ ቃላት በደማቅ ፊደል ያሳያችኋል። ከተጠራጠራችሁ ሐረጉን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታችሁ ጉግል ላይ ፈልጉት። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች የሚጽፉበት ቦታ ላይ ደጋግሞ ካልመጣ ጠጅ ጋግራችኋል።

እኛ ሀገር ሥር የሰደዱ ጥቂት ስህተቶች አሉ፤ እዚሁ ላራግፋቸው። «ዲስከስ አባውት» አይባልም። አማርኛው «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለሚል ነው «አባውት» የሚሾልክብን፤ «ዲስከስ ዘ ኢሹ» ብቻ በቂ ነው። «ኮፕ አፕ ዊዝ» የሚል የለም፤ «ኮፕ ዊዝ» ነው። «ኪፕ አፕ ዊዝ» ከሚለው ጋር ተደበላልቆብን ነው። «አይ አም ቦሪንግ» ካላችሁ እኔ አሰልቺ ነኝ ማለታችሁ ነው፤ ሰልችቶኛል ለማለት «ቦርድ»። ከሁሉም የሚያስደነግጠው «ሃርድሊ» ነው። ሥራ ፍለጋ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ጸሐፊው ጠንክሬ እሠራለሁ ለማለት «አይ ሃርድሊ ወርክ» ብሎ ይጽፋል። ቀጣሪው የሚያነበው ግን «እምብዛም አልሠራም» የሚል ነው።

5. የቃሉን ማዕረግና ፊት ለዩ

ሞተ፣ ዐረፈ፣ ተሰዋ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ነገሩ አንድ ነው፤ ለማን እንደሚባል ግን ሁላችንም እናውቃለን። ለእንግሊዝኛም እንዲህ ዓይነት ጆሮ ማውጣት ያስፈልጋል።

እንግሊዝኛ ቃላቱ በፎቅ በፎቅ የተቀመጡት በታሪክ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ። ቤተ መንግሥቱ ፈረንሳይኛ ተናገረ፣ ገበሬው በእንግሊዝኛው ቀጠለ፣ ቤተ ክህነትና ትምህርት ላቲን ያዘ። ስለዚህ ለመጠየቅ ሦስት ቃል ተረፈ፦ የቀደመው «አስክ»፣ ከፈረንሳይ የመጣው «ኩዌስቸን»፣ ከላቲን የመጣው «ኢንተሮጌት»። ጓደኛህ «አስክ» ያደርግሃል፣ ፖሊስ «ኢንተሮጌት» ያደርግሃል። በሬው በረት ሳለ በእንግሊዝኛ ይጠራል፤ ሥጋው ገበታ ላይ ሲወጣ «ቢፍ» የሚል የፈረንሳይ ስም ይይዛል። ማን ያረባ፣ ማን ይበላ እንደነበር ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

ከማዕረግ ሌላ ፊት አለ፤ ፈገግ ያለና የተኮሳተረ። ቀጭን ሴት ሸንቃጣ ስትባል ደስ ይላታል፣ ከሲታ ስትባል ትቆጣለች። «ስሊም» ሸንቃጣዋ ናት፣ «ስኪኒ» ወደ ከሲታዋ ያደላል። ገንዘብ ላይ ጥንቁቅ የሆነ ሰው «ትሪፍቲ» ከተባለ ቆጣቢ ነው፣ «ስቲንጂ» ከተባለ ቆንቋና። ማወቅ የሚወድ «ኪውሪየስ»፤ በሰው ጉዳይ የሚገባ «ኖዚ»። የእኔ «ኖቶሪየስ» ችግሩ ይኸው ነበር፤ ፊቱን ሳላይ ጠራሁት። ደብተራችሁ ላይ ከቃሉ ጎን የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት አድርጉ። ፊት ከሌለው ባዶውን ተዉት።

6. ሥሩን ቆፍሩ፣ ግን አትመኑት

ይህን እኛ ከማንም በተሻለ እንረዳዋለን። ጸሐፈ ከሚለው ጽሕፈት፣ ጸሐፊ፣ መጽሐፍ፣ ጽሑፍ ይወጣሉ። ላቲንም መጻፍ የሚል ሥር አለው፤ እንግሊዝኛ ውስጥ «ስክራይብ» ወይም «ስክሪፕት» ሆኖ ይታያል። «ማኑ» እጅ ነው፤ «ማኑስክሪፕት» የእጅ ጽሑፍ። «ፖስት» በኋላ ነው፤ «ፖስትስክሪፕት» ድኅረ ጽሑፍ። «ፕሪ» በፊት ነው፤ «ፕሪስክሪፕሽን» መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የሚጻፈው የሐኪም ማዘዣ። «ዲስክራይብ»፣ «ሰብስክራይብ» ሁሉም ዘመድ ናቸው። «ስፔክት» ማየት፣ «ዲክት» መናገር፣ «ፖርት» መሸከም። እነዚህን አራት ሥሮች ብቻ ይዛችሁ አንድ ሳምንት አንብቡ፤ ስንት ቦታ እንደሚደበቁ ታያላችሁ።

ግን ሥር ይዋሻል። ነዳጅ የሚያመላልሱት ቦቴዎች ጀርባ ላይ «ኢንፍላመብል» የሚል ታያላችሁ። «ኢን» ማለት አይደለም ማለት ነውና አይቀጣጠልም ብሎ ሲጋራ የለኮሰ ሰው መጨረሻው አያምርም። ቃሉ በቀላሉ ተቀጣጣይ ነው የሚለው። «ኢንቫሉወብል»ም ዋጋ ቢስ አይደለም፤ ዋጋ የማይተመንለት ነው። ሥር ለመገመት ይረዳል፤ ፍርዱን መዝገበ ቃላት ይስጥ።

7. ካርድና የጫማ ካርቶን

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳየው ነገር አለ። ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን ሸምድዶ ስንቱን እንደሚረሳ ለካ። አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። መድኃኒቱ ሊጠፋ ሲል መመለስ ነው። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1972 ለዚህ የሚሆን ቀላል የሳጥን ዘዴ አስተዋወቀ።

የጫማ ካርቶን በወረቀት አምስት ቦታ ክፈሉ። ደብተር እየቀደዳችሁ ካርድ ቁረጡ። አዲስ ካርድ መጀመሪያው ክፍል ይገባል። በትክክል ከመለሳችሁት ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ከሳታችሁት ሁለተኛ ላይም ይሁን አምስተኛ ላይ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። እኔ የመጀመሪያውን በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛውን በየሳምንቱ፣ አራተኛውን በየሁለት ሳምንቱ፣ አምስተኛውን በየወሩ አያለሁ። በስልክ ከፈለጋችሁ አንኪ የሚባል አፕ ይህንኑ ይሠራል። አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም አይቆምም።

ካርዱ ላይ የሚጻፈው ነገር ወሳኝ ነው። በአንድ በኩል ቃል፣ በሌላ በኩል ትርጉም አትጻፉ። ቃሉ የጎደለው ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ከሕይወታችሁ የሆነ። የእኔ የ«ሪላክተንት» ካርድ «ዘ ፊሸርማን ዋዝ — ቱ ሎወር ሂዝ ፕራይስ» ይላል። ዓሣ አጥማጁ ዋጋ ለመቀነስ አቅማማ። የዚያን ቀን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ስገዛ የሆነውን ነው የጻፍኩት። ክፍተቱን ስሞላ ሰውየው ከነቢላዋው ይታየኛል።

ጮክ ብላችሁ መልሱ። እንግሊዝኛ እንደ ግዕዝ ፊደል የተጻፈውን አያነብም። «ሳተል» (ረቂቅ) ሲጻፍ መሐሉ ላይ «ብ» አለ፤ አይነበብም። «ዴት»ም ዕዳ ሲሆን እንደዚያው። ዝም ብሎ ያነበበ ሰው «ደብት» ብሎ ለምዶት ሌላ ሰው «ዴት» ሲለው አይሰማውም።

8. ቅዳሜ ጠዋት አንድ አንቀጽ

ሳምንቱን ሙሉ ያያችኋቸውን ስምንት ቃላት የሚያስገባ አንቀጽ ጻፉ፤ ከ100 እስከ 150 ቃል። ስለ ሰፈራችሁ፣ ስለ ሥራችሁ፣ ስላናደዳችሁ ሰው። ስምንቱን በአንድ ላይ ማስገባት ካልተመቸ አምስት ይበቃል፤ በግድ የገባ ቃል ከሩቅ ያስታውቃል። ከዚያ ለአንድ ሰው አንብቡለት። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሻይ እየጠጣችሁ ቢሆን ደግሞ አይከፋም። ጓደኛችሁ አንድ ቃል ላይ ፊቱን ካኮማተረ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ፤ ጎረቤቱ ተሳስቷል።

አዲስ ቃል በንግግር ወዲያው አይወጣም። መጀመሪያ ስታነቡ ታውቁታላችሁ፣ ቀጥሎ ትጽፉታላችሁ፣ አፍ ላይ የሚመጣው መጨረሻ ነው። አንዳንዱ ወራት ይወስዳል።

«ኖቶሪየስ» እኔ ላይ ዓመታት ፈጀ። ፈርቼው ነበር። በቀደም አሞራ ገደል አንድ ፈረንጅ ቱሪስት ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሙዝ ሲልጥ ጦጣ ከላይ ወርዳ ነጥቃው ሮጠች። ሰውየው ባዶ እጁን እያየ ቀረ። ጠጋ ብዬ «ዘይ አር ኖቶሪየስ ፎር ዛት» አልኩት። «ናው ዩ ቴል ሚ!» ብሎ ሳቀ።